ቀን ቆጥረው በሽታውን ያገኙት ሐኪም

በጌዴኦ ዞን፣ ዱመርሶን በመሰለ የቡና መንደር የሚኖር አንድ ገበሬ ከቡናውና ከእንሰቱ መሀል ሲመነጥር ገጀራው እግሩን ቢያገኘው፣ ቁስሉ ታጥቦ ከተሰፋ በኋላ የሐኪሙ ቀጣይ ሥጋት መንጋጋ ቆልፍ ነው። ስለዚህም ቲ.ኤ.ቲ እየተባለ የሚጠራውን መርፌ ሊያዝለት ይችላል። ነርሷ ግን መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ አትወጋውም። በመጀመሪያ በጣም ጥቂቱን ክንዱ ላይ ቆዳው ውስጥ ሰጥታ፣ ቦታው ይቀላ ወይም ያብጥ እንደሆነ ትጠብቃለች። መድኃኒቱ የሚዘጋጀው ከፈረስ ደም ነውና የሰውየው ሰውነት እንዳይቆጣ ይፈራል።

ፍተሻው በሰላም አለፈ፣ መርፌውም ተሰጠ እንበል። ከሳምንት ወይም ከአሥር ቀን በኋላ፣ ቁስሉ እየሻረ ሳለ፣ ሰውየው ድንገት ትኩሳት ይይዘዋል። ገላው በሚያሳክክ ሽፍታ ይሸፈናል፣ ንፍፊቱ ያብጣል፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ አላስነሳ ይለዋል። አንዱ ጎረቤት ምች ነው ይላል፣ ሌላው ኩፍኝ ነው ይላል፣ ሦስተኛው ቁስሉ መርዞ ነው ይላል። የዛሬ አሥር ቀን የተወጋውን መርፌ የሚያነሣ ግን አይገኝም። በክንድ ላይ የተደረገው ፍተሻም ቢሆን ወዲያው የሚመጣውን አደጋ ለመለየት እንጂ፣ ዘግይቶ የሚመጣውን ለማወቅ አያገለግልም።

ይህን ዘግይቶ የሚመጣ ሕመም ከመርፌው ጋር አያይዘው፣ ምክንያቱን በቀን ቆጠራ ያገኙት ሰው ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ይባላሉ። ዛሬ በአዲስ አበባም በዲላም፣ የተማረውም ያልተማረውም አለርጂ አለብኝ ሲል የሚጠቀምበትን ቃል የፈጠሩት እሳቸው ናቸው።

ከክህነት ወደ ሕክምና

ፒርኬ የተወለዱት በቪየና ከተማ ዳርቻ በምትገኘው ሂርሽሽቴተን፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 1874 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በእኛ አገር አፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘውድ ከጫኑ ሁለት ዓመት ያለፈበት ጊዜ መሆኑ ነው። አባታቸው የባሮን ማዕረግ ያላቸው ባለርስትና የፓርላማ አባል ሲሆኑ፣ እናታቸው ከታወቀ የባንክ ባለቤቶች ቤተሰብ የተገኙ ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው ጊዶ ፎን ፒርኬም በኋላ የጠፈር በረራ ስሌት ከጀማሪዎቹ አንዱ ሆነው ስማቸው ይነሣል።

እናትየው ልጃቸው ካህን እንዲሆንላቸው ይመኙ ነበር። ወጣቱ ፒርኬም በኢንስብሩክ ነገረ መለኮት፣ ቀጥሎም በቤልጂየም ሉቨን ፍልስፍና አጠኑ። ከዚያ በኋላ ግን ሐሳባቸውን ለውጠው ወደ ሕክምና ተመለሱ። በ1900 ከግራዝ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ዶክትሬት ተቀብለው፣ ብዙም ሳይቆዩ በቪየና የሕፃናት ሆስፒታል በፕሮፌሰር ቴዎዶር ኤሸሪሽ ሥር ተቀጠሩ። ኤሸሪሽ ዛሬ ኢ. ኮላይ ተብሎ የሚጠራውን ባክቴሪያ ያገኙት ሰው ናቸው፤ ስሙም የተወሰደው ከእሳቸው ነው።

ፒርኬ ወደ ሕፃናት ክፍል የገቡት ሐኪሞች በአዲስ ተስፋ በተሞሉበት ዘመን ነበር። በ1890 ጀርመናዊው ኤሚል ፎን ቤሪንግና ጃፓናዊው ኪታሳቶ፣ የዲፍቴሪያ (ዘጊ አነዳ) እና የመንጋጋ ቆልፍ መርዝ በትንሽ በትንሹ የተሰጠው እንስሳ ማርከሻውን በደሙ ውስጥ እንደሚያዘጋጅ አሳይተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ፈረሶች ይህን ማርከሻ እንዲያመርቱ እየተደረገ፣ ከደማቸው የሚወጣው ሴረም ለታመሙ ሕፃናት ይወጋ ጀመር። ጉሮሯቸው ተዘግቶ በወላጆቻቸው ፊት የሚሞቱ ልጆች መዳን ቻሉ። ቤሪንግም በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ወሰዱ።

ነገር ግን መድኃኒቱ ሌላም ፊት ነበረው። በ1896 በበርሊን የሮበርት ላንገርሃንስ፣ የታወቁ የፓቶሎጂ ሐኪም፣ ትንሽ ልጅ በሽታው ሳይዘው ለጥንቃቄ ብቻ ሴረም ተወግቶ ወዲያው ሞተ። ጉዳዩ ከተማውን አነጋገረ፤ መርፌውን የሚያወግዙና የሚከላከሉ ወገኖችም ተፈጠሩ። ከሞት ባነሰ መልኩ ደግሞ፣ ሴረም ከተሰጣቸው ሕፃናት ብዙዎቹ ከቀናት በኋላ ትኩሳትና ሽፍታ ይይዛቸው ነበር። አንዳንዱ ሐኪም ሴረሙ ንጹሕ ስላልሆነ ነው ሲል፣ ሌላው ደግሞ የመጀመሪያው በሽታ እንዳገረሸ ይቆጥረው ነበር።

የቀናቱ ምስጢር

ፒርኬ ከሥራ ባልደረባቸው ከሃንጋሪ ተወላጁ ዶ/ር ቤላ ሺክ ጋር ያደረጉት ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። የእያንዳንዱን ሕፃን አልጋ እየዞሩ፣ ሴረሙ የተሰጠው መቼ ነው? ሽፍታው የወጣው በስንተኛው ቀን ነው? ልጁ ከዚህ በፊት ሴረም ተወግቶ ያውቃል? እያሉ መዘገቡ። በቪየና በዚያን ጊዜ ለስካርሌት ትኩሳት ይሰጥ የነበረው የፈረስ ሴረም መጠኑ ከፍ ያለ በመሆኑ፣ ሕመሙን ለማየት የሚያስፈልጉ ሕፃናት አልጠፉም።

መዝገቡ አንድ ነገር አሳየ። ለመጀመሪያ ጊዜ በተወጋ ልጅ ላይ ሕመሙ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ቀናት ባለው ጊዜ ነው። ከዚህ በፊት በተወጋ ልጅ ላይ ግን ያን ያህል አይጠብቅም፤ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም ይበረታል። ሴረሙ ያው ነው፣ ፈረሱም ያው ነው። የተለወጠው የልጁ ሰውነት ነው።

ፒርኬ ከዚህ ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያ በዘመኑ እንግዳ ነበር። የሰው ሰውነት የፈረሱን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ያዘጋጅለታል። ይህን ለማዘጋጀት ከሳምንት በላይ ይፈጅበታል። ፀረ እንግዳ አካሉ ሲደርስና በደም ውስጥ የቀረውን ባዕድ ነገር ሲገናኘው፣ በሽታውን የሚፈጥረው የሁለቱ ግጥሚያ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሰውን ይጠብቃል ተብሎ የሚታሰበው ኃይል ራሱ ሰውን ሊያሳምም ይችላል ማለት ነው። ሰውነት አንዴ ካወቀው ደግሞ በሁለተኛው ጊዜ ዝግጁ ሆኖ ስለሚጠብቅ፣ ግጥሚያው ይፈጥናል።

ወጣቱ ሐኪም ይህ ሐሳብ የእሳቸው መሆኑ እንዲታወቅላቸው ፈልገው፣ በ1903 በታሸገ ፖስታ ለቪየና የሳይንስ አካዳሚ አስቀመጡት። ፖስታው የተከፈተው በ1908 ነው። ከሺክ ጋር የጻፉት የሴረም በሽታ የተሰኘው መጽሐፍ ግን በ1905 ታትሞ ወጣ። በዚህ መጽሐፍ ሕመሙ በቆዳ ላይ ብቻ የሚቀር እንዳልሆነ ተገልጿል፤ ንፍፊት ያሳብጣል፣ መገጣጠሚያ ይይዛል፣ ፊትና እግር ያሳብጣል፣ በሽንት ውስጥም ፕሮቲን እንዲታይ ያደርጋል፤ ይህም ኩላሊት መነካቱን የሚያመለክት ነው። ከ1950ዎቹ ወዲህ የተደረጉ ምርምሮች እንዳረጋገጡት፣ የፀረ እንግዳ አካሉና የባዕዱ ፕሮቲን ጥምረት በቆዳ፣ በመገጣጠሚያና በኩላሊት ረቂቅ የደም ሥሮች ላይ እየተከማቸ ያስቆጣቸዋል። ፒርኬ ይህን ሁሉ በዓይናቸው ሳያዩ፣ ከቀናት ቆጠራ ብቻ ነበር የገመቱት።

አለርጂ የሚለው ቃል

በዚያው ዘመን ሌሎችም ወደዚሁ ነገር እየቀረቡ ነበር። በ1902 ፈረንሳዮቹ ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲዬ ከባሕር እንስሳ የወጣ መርዝ ለውሾች ሰጥተው፣ ከመጀመሪያው የተረፈ ውሻ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ እጅግ አነስተኛ መጠን ሲወጋ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደሚሞት አዩ። ይህንንም አናፊላክሲስ ብለው ሰየሙት። ሪሼ በዚህ ሥራቸው በ1913 ኖቤል ተሸለሙ።

ፒርኬ ግን የሚፈልጉት ከዚህ ሰፋ ያለ ቃል ነበር። በፈንጣጣ ክትባት ሁለተኛ ጊዜ የተከተበ ሰው ቆዳው ፈጥኖ ይቀላል፤ በፈረስ ሴረም ሁለተኛ ጊዜ የተወጋ ልጅ ፈጥኖ ይታመማል። አንዱ ጥበቃ ነው፣ ሌላው ጉዳት ነው። ለእሳቸው ግን ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ነበሩ፤ ሰውነት ባዕድ ነገርን አንድ ጊዜ ካገኘ በኋላ አጸፋው ይለወጣል። ስለዚህ በ1906 በሙኒክ በሚታተም የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት አጭር ጽሑፍ፣ ሌላ እና ሥራ የሚል ትርጉም ያላቸውን ሁለት የግሪክ ቃላት አጋጥመው አለርጂ የሚለውን ቃል አቀረቡ። የተለወጠ አጸፋ ለማለት ነው።

ብዙ ሐኪሞች አዲሱን ቃል አልወደዱትም። ሌላ ቃል እያለ ምን ያስፈልጋል የሚሉም ነበሩ። ከጊዜ በኋላ ግን ቃሉ ከሐኪሞች እጅ ወጥቶ የሕዝብ ሆነ፤ ትርጉሙም ጠበበ። ዛሬ አለርጂ ሲባል ጥበቃውን የሚያስብ የለም፣ ማስነጠሱንና ማሳከኩን እንጂ። ፒርኬ ሌሎችም በርካታ ቃላት ፈጥረው ነበር፤ በዓለም ሁሉ አፍ የገባው ግን ይኸው አንዱ ነው።

ክንድ ላይ የተጫረው ምልክት

የሴረም በሽታ ጥናት ፒርኬን ወደ ሌላ ግኝት መራቸው። ሮበርት ኮክ በ1890 የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ይሆናል ብለው ያቀረቡት ቱበርኩሊን ለፈውስ አልበጀም። ፒርኬ ግን የተለወጠ አጸፋ በቆዳ ላይ መታየት ካለበት፣ የቲቢን ጀርም የሚያውቅ ሰውነት ለቱበርኩሊን መቆጣት አለበት ብለው አሰቡ። በ1907 በሕፃናት ክንድ ላይ ሁለት የቱበርኩሊን ጠብታ አንጠባጥበው ቆዳውን ጫር አደረጉ፤ መሀል ላይም ለማነጻጸሪያ አንድ ባዶ ጭረት ጨመሩ። ጀርሙ ባለበት ልጅ ላይ ሁለቱ ጭረቶች በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ቀልተው ያብጣሉ።

ውጤቱ አስደነገጠ። ጤነኛ የሚመስሉ ብዙ የቪየና ድሃ ልጆች ቲቢው በውስጣቸው ተኝቶ ነበር፤ ዕድሜያቸው ሲጨምር ቁጥራቸውም ይጨምራል። ሳያሳምም የተደበቀ ቲቢ የሚለው አስተሳሰብ ሥር የያዘው ከዚህ በኋላ ነው። በ1908 ደግሞ ፒርኬ ሌላ ነገር አስተዋሉ፤ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ክንዱ ለጊዜው መቆጣቱን ያቆማል። በሽታ የሰውነትን መከላከያ ሊያደክም እንደሚችል ከታዩት የመጀመሪያ ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው። ኤች.አይ.ቪ ባለበት ሰው ላይ የቆዳ ምርመራው ቲቢ የለም ቢል ሐኪሙ ሙሉ በሙሉ የማያምነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ምርመራው በዚያው በ1908 በፈረንሳዊው ሻርል ማንቱ ተሻሽሎ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በእኛ አገር የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ባለሙያዎችና አጋሮቻቸው በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የወተት ላሞች ላይ የከብት ቲቢን ሲፈልጉ የተጠቀሙት የቆዳ ምርመራም ከዚሁ ዘር የወጣ ነው።

ክብር፣ ረሃብና መጨረሻ

ከዚህ ወዲያ ጥሪው ከየአቅጣጫው መጣ። ፒርኬ በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የሕፃናት ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነው በ1909 ሥራ ጀመሩ። በ1910 ወደ ብሬስላው ተመለሱ፤ በ1911 ኤሸሪሽ ሲሞቱ ደግሞ በመምህራቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው የቪየናን የሕፃናት ክሊኒክ ተረከቡ።

ብዙም ሳይቆይ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ጦርነቱ ሲያበቃ የኦስትሪያ ግዛት ተበታትኖ፣ ቪየና የተራቡ ሕፃናት ከተማ ሆነች። ፒርኬ የአለርጂ ምርምራቸውን ትተው ሙሉ በሙሉ ወደ ምግብ ጉዳይ ገቡ። ከ1919 ጀምሮ ከአሜሪካ በመጣ እርዳታ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ሲመገቡ አደራጁ እሳቸው ነበሩ። ማን ይቅደም የሚለውንም በቁጥር ሊወስኑት ሞከሩ፤ የልጁን ክብደት ከተቀመጠበት ከሚለካ ቁመቱ ጋር እያነጻጸሩ የተራበውን ከጠገበው የሚለዩበት ስሌት አወጡ። ምግብንም በወተት መጠን እየተመኑ የሚያሰሉበት ዘዴ ፈጠሩ። ዘዴው ሒሳብ ይበዛዋል ተብሎ ተተችቷል፤ ከእሳቸው በኋላም አልሰነበተም። ሐሳቡ ግን አልሞተም። ዛሬ በየጤና ኬላው የሕፃን ክንድ በሪባን እየተለካ አልሚ ምግብ የሚታዘዘው፣ ረሃብ በግምት ሳይሆን በልኬት ይታወቅ በሚል ተመሳሳይ አስተሳሰብ ነው።

ለኖቤል ሽልማት በተደጋጋሚ ቢታጩም ሳያገኙት ቀሩ። በ1928 ለኦስትሪያ ፕሬዚዳንትነት ስማቸው ተነሥቶ ነበር። በውጭ ሲታዩ ያልጎደላቸው ሰው ነበሩ። የቤታቸው ኑሮ ግን ከባድ ነበር። ባለቤታቸው ማሪያ ለረጅም ጊዜ ሕመምተኛ ነበሩ፤ ቤተሰባቸውም ጋብቻውን ከመጀመሪያው አልወደደውም፤ ልጅም አልወለዱም። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1929 ባልና ሚስቱ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። ፒርኬ ዕድሜያቸው 54 ነበር። ለሕፃናት ሕመም የቆጠሩትን ቀን ያህል የእሳቸውን የቆጠረላቸው ሰው አልነበረም። ጓደኞቻቸውም ሆኑ ተማሪዎቻቸው ምክንያቱን በእርግጠኝነት ሳያውቁት ቀሩ።

ለእኛ የተዉልን

ከፒርኬ ሞት በኋላ የፈረስ ሴረም ቦታውን በአብዛኛው ለክትባትና ለአንቲባዮቲክ ለቀቀ። ሕመሙ ግን በሌላ መንገድ ተመለሰ። አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ ለሪህ የሚሰጠው አሎፑሪኖል፣ የሰልፋ ዘር የሆኑ እንክብሎች፣ ለሥጋ ደዌ የሚሰጠው ዳፕሶን፣ በጥቂት ሰዎች ላይ ከባድ የሰውነት ቁጣ ያስነሣሉ። ከነዚህ አንዱና አስቸጋሪው፣ ሐኪሞች ከ1996 ወዲህ ድሬስ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚጠሩት፣ መድኃኒቱ ከተጀመረ ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንታት ባለው ጊዜ የሚመጣ ነው። ትኩሳት፣ ሰፊ ሽፍታ፣ የፊትና የንፍፊት እብጠት ይታያል፤ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ሳንባና ልብ ሳይቀር ሊነኩ ይችላሉ። ከሚያዙት ውስጥ እስከ አሥር በመቶ የሚሆኑት ሊሞቱ ይችላሉ። የመጀመሪያው ሕክምና ምክንያት የሆነውን መድኃኒት ወዲያውኑ ማቆም ነው። መድኃኒቱን ለማወቅ ደግሞ ፒርኬ እንዳደረጉት ወደ ኋላ ቀን መቁጠር ያስፈልጋል።

ይህ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2005 የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ሲጀምር በብዛት ከሚሰጡት አንዱ ኔቪራፒን ነበር። ይህ መድኃኒት በቆዳና በጉበት ላይ ከባድ ቁጣ ሊያስነሣ ስለሚችል፣ በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲወሰድ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ እንዲሆን ይታዘዝ ነበር። ዛሬ ለአዋቂዎች ቦታውን ዶሉቴግራቪር ወስዶታል። ይሁንና የሰልፋ እንክብሉም፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱም አሁንም በየመድኃኒት ቤቱ አለ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛውም ብዙ ነው።

አንድ ሰው መድኃኒት ሲቆጣው የሕክምና ባለሙያው በቢጫው ቅጽ ሞልቶ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማሳወቅ ይችላል። ለታማሚውም የማይስማማው መድኃኒት ስም የተጻፈበት ካርድ መስጠት ይቻላል። ትንሽ ወረቀት ናት። ሥራዋ ግን ፒርኬና ሺክ በቪየና አልጋ ላይ ለአልጋ እየዞሩ የሠሩት ሥራ ነው፤ ምን ተሰጠ፣ መቼ ተሰጠ፣ በስንተኛው ቀን ምን ሆነ።

ወደ ዱመርሶው ገበሬ እንመለስ። ሽፍታው በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠፍቶለታል፤ ምች ነበር ተብሎም ተረስቷል። በሚቀጥለው ዓመት ምስማር ቢወጋውና ወደ ሌላ ጤና ተቋም ቢሄድ፣ ከዚህ በፊት ያልተስማማህ መድኃኒት አለ ወይ ተብሎ ቢጠየቅ የለም ብሎ ይመልሳል፤ የነገረው ሰው የለምና። ያው መርፌ ሊታዘዝለት ይችላል። የእሱ ሰውነት ግን ያለፈውን አልረሳም። በዚህ ጊዜ አሥር ቀን አይጠብቅም።